ዲዮናስዮስና የሺሁ ዓመት ክርክር

ባለፈው ክረምት ሸጎሌ ውስጥ፣ ለቅሶ ድንኳን ሥር ሁለት ጎረቤቶቼ ተኳረፉ፡፡ መነሻው የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 20 ነው፡፡ አንዱ ክርስቶስ በዚህችው ምድር ላይ ሺህ ዓመት ቆጥሮ ይነግሣል አለ፤ ሌላው ቁጥሩ ምሥጢር ነው ብሎ ተሟገተ፡፡ ሁለቱም የግሪክኛውን ቃል ከስልካቸው እያወጡ ያነባሉ፡፡ ቃሉ «ኪሊያ ኤቴ» ነው፤ ሺህ ዓመት ማለት ነው፡፡ እንዴት ይተርጎም የሚለውን ግን ቃሉ ብቻውን አይነግራቸውም፡፡ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም፡፡

ቤቴ ገብቼ ያነበብኩት የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ የዲዮናስዮስን ታሪክ ነው፡፡

ዲዮናስዮስ ከአረማውያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ ከአርጌንስ እግር ሥር ተምሮ፣ የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራ ሰው ነው፡፡ በመንበሩ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ247 ገደማ ነበር፡፡ በ250 የዳክዮስ ስደት ሲነሣ ወታደሮች ያዙት፡፡ ሌሊት ሠርግ ላይ የነበሩ ገበሬዎች ሰምተው ግር ብለው ሲመጡ ወታደሮቹ ሸሹ፡፡ እሱ ግን ሽፍቶች መስለውት የለበሰውን ልብስ አውልቆ ሊሰጣቸው ነበር! ጎትተው አውጥተው፣ ኮርቻ በሌለው አህያ ላይ ጭነው ወሰዱት፡፡ በ257 ደግሞ በቫሌሪያን ዘመን ተጋዘ፡፡

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በአርሲኖኤ፣ በዛሬው ፋዩም ያደረገው ነው፡፡ የዚያ አገር ጳጳስ ኔጶስ ሺሁ ዓመት ምድራዊ መንግሥት ነው ብሎ መጽሐፍ ጽፎ አልፏል፡፡ በመጽሐፉ ሳቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተከፋፍለዋል፡፡ ዲዮናስዮስ ሥልጣን ነበረውና አውግዞ ደብዳቤ መላክ ይችል ነበር፡፡ እሱ ግን ራሱ ሄደ፡፡ ካህናቱንና መምህራኑን ሰብስቦ፣ ሕዝቡም ባለበት፣ ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መጽሐፉን አብሯቸው መረመረ፡፡ ኔጶስን ስለ እምነቱና ስለ መዝሙሮቹ አመሰገነ፡፡ በመጨረሻ የወገኑ መሪ ቆራክዮን በሁሉ ፊት ትምህርቱን ተወ፡፡ ይህን አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ 7ኛ መጽሐፍ አቆይቶልናል፡፡

በኋላም ስለ ተስፋዎች ሁለት መጽሐፍ ጻፈ፡፡ እዚያ ላይ የራእዩን ግሪክኛ ከወንጌሉና ከመልእክቱ ጋር አስተያየ፡፡ የወንጌሉ ቋንቋ የጠራ፣ የራእዩ ግን የሰዋስው ግድፈት የበዛበት መሆኑን አሳየ፤ ስለዚህ ጸሐፊው ሌላ ዮሐንስ ነው አለ፡፡ ብርሃን፣ ሕይወት፣ እውነት የመሳሰሉት የወንጌሉ ቃላት በራእዩ የሉም ማለት ይቀላል ሲል ግን ሳያጋንን አልቀረም፤ የሕይወት ዛፍና የሕይወት መጽሐፍ በራእዩ አሉና፡፡ መጽሐፉን ግን አልጣለውም፤ ያልገባኝ ከእኔ አእምሮ በላይ ስለሆነ ነው ብሎ ተወው፡፡

ቤተ ክርስቲያን በጸሐፊው ጉዳይ አልተከተለችውም፡፡ ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው መንበር የተቀመጠው አትናቴዎስ፣ አባ ሰላማን ለአክሱም የሾመው፣ በ367 ራእዩን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጠረው፡፡ የእኛም አዲስ ኪዳን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ራእዩ አብሮ መጣ፡፡

ዲዮናስዮስ በ264 ገደማ ወደ አንጾኪያ ጉባኤ ሲጠራ እርጅናና ሕመም ያዘው፤ ሐሳቡን በደብዳቤ ልኮ ብዙም ሳይቆይ አረፈ፡፡ ጎረቤቶቼ በእድር ስብሰባ ላይ ዛሬም ራቅ ራቅ ብለው ነው የሚቀመጡት፡፡