ይድነቃቸው ተሰማ፦ ገንዘብ በሌለበት ቡድን የሠሩ ሰው

የዘንድሮው የታላላቅ ሰዎች ዓምዳችን አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ያስታውሳል። ተማሪዎቻችን የአውሮፓ ክለቦችን ጨዋታ በሾዋክ ሻይ ቤቶች አይተው ሲመለሱ የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ ይህ አሰልጣኝ ተጫዋች መምረጥ ያውቃል ወይስ አያውቅም? ክለቡ ገንዘብ ካጠረውስ ጥፋቱ የማን ነው? ለዚህ ክርክር ይረዳ እንደሆነ ብለን፣ ተጫዋች በገንዘብ መግዛት በማይታሰብበት ዘመን ቡድን ያቆሙትን ሰው ሕይወት መረጥን። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ስም ያወጡት በኳስ ነው። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን በአዲስ አበባ ሲመሠርቱ ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ለዚህ ቡድን ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱ።

ጊዜው ግን ለኳስ የሚመች አልነበረም። በዚያው ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን ኢትዮጵያውያን ከጣሊያኖች ተለይተው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ የክለቡም ስም ተለወጠ። ወጣቱ ይድነቃቸው ሰው በቀለሙ ሲለይ ምን እንደሚመስል ያዩት በራሳቸው ሜዳ ነው። ይህ ነገር በኋላ በሥራቸው ሁሉ እንደሚታይ ልብ እንበል።

ከነጻነት በኋላ ውድድር እንደገና ተጀመረ። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ይጋጠም ጀመር። እየቆየ የጦሩ መቻል፣ የፖሊሱ ኦሜድላና የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ተጨመሩ። እነዚህ ክለቦች ዛሬ እንደምንሰማው ለዝውውር ሚሊዮን አይከፍሉም ነበር። ለጎበዝ ተጫዋች ሊያቀርቡለት የሚችሉት ሥራ ነው፤ ወታደርነት፣ ፖሊስነት ወይም የፋብሪካ ሠራተኝነት። ተጫዋቹ እንጀራውን በሥራው ያገኛል፤ ኳሱን ከዚያ በተረፈው ሰዓት ይለማመዳል።

አቶ ይድነቃቸው ከኳስ ተጫዋችነት ወደ ኳስ መሪነት የተሸጋገሩበት ታሪክ ከእኛ ብዙም በማይርቅ ከተማ ያልፋል። የካቲት 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ማለትም ካፍን፣ መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ካርቱም ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያም ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ ቀረበች፤ በፍጻሜው ግን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ግብፆች በልምድም በድርጅትም ምን ያህል ርቀው እንደሄዱ ያን ቀን በግልጽ ታየ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ብሔራዊ ቡድኑን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋና በዚያ ጊዜ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከነበረችው ኤርትራ ያደጉ ልጆች በአንድ ቡድን ተሰለፉ። መንግሥቱ ወርቁ የጊዮርጊስ ልጅ ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ግን እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣሊያናዊ ናቸው። ጣሊያን ከአገር ከወጣ ገና 21 ዓመት ባልሞላበት ጊዜ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ነበር። ቁስሉ ያልደረቀለት ሕዝብ ይህን በቀላሉ ይቀበላል ብሎ መገመት አይቻልም።

ውጤቱን ሜዳው ተናገረ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ። ጥር 13 ቀን ከግብፅ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፉ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነው።

እንግዲህ ምርጫውን እንመዝን። ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውንም ወገን መናገር አለብን። በውድድሩ የቀረቡት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በገዛ ሜዳዋ ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው ያደረገችው። ከዚያም ወዲህ ዋንጫው አልተመለሰም። ጥሩ ቡድን መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ የሚተካውን ማሳደግ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እሱም ቋሚ ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህን ጉድለት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ግን ልክ አይመስለንም። በእጃቸው በነበረው አቅም ሲለካ የአቶ ይድነቃቸው ምርጫ የተሳካ ነበር እንላለን። ገንዘብ ያለው ሲሳሳት ሌላ ይገዛል፤ የሌለው ግን ያለውን ሰው ሁሉ በሚገባ ማየት ይኖርበታል። በዘር ወይም በስም ምክንያት አንድ ጎበዝ ቢያልፈው የሚተካበት የለውም።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ አቶ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የዘር መድልዎ ይከተል የነበረውን የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ያለማወላወል ተቃወሙ። ከዚያም በፊት አፍሪካ እ.ኤ.አ. የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ራሷን የቻለ ቦታ ስላልተሰጣት ትታ ስትወጣ ከታጋዮቹ አንዱ ነበሩ፤ በ1970ው አንድ ቦታ ተገኘ።

በጣም ያሳሰባቸው ሌላው ጉዳይ የተጫዋቾች ስደት ነው። ምርጥ ልጆቻችን ሁሉ ወደ አውሮፓ ከሄዱ አፍሪካ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ብቻ ሆና ትቀራለች ብለው ይሟገቱ ነበር። በውጭ አገር የሚጫወቱትን ቁጥር በአንድ ብሔራዊ ቡድን በሁለት የሚገድብ የካፍ ደንብም ነበር፤ በኋላ ተሻረ። በዚህ ነጥብ ላይ ወላጆች ሁሉ እንደማይስማሙ እናውቃለን። ቤተሰቡን ለመርዳት የሚሄድን ልጅ ማን ሊወቅሰው ይችላል? ነገር ግን እኛ በስደት መንገድ ላይ የምንኖር ሰዎች ስለሆንን የክርክራቸውን ሌላ ገጽ እንረዳለን። ክለብ አገናኝሃለሁ እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ ደላላ ልጁን መራጭ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። መራጭ ልጁ ሜዳ ላይ ሲጫወት ያየዋል፤ ደላላ የሚያየው የአባቱን ኪስ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ካፍን መሩ። የእኛም ትምህርት ቤት ቡድን ካዝና የለውም፤ ልጆቻችንም ከልዩ ልዩ አገርና ቋንቋ የመጡ ናቸው። ስለዚህ የቡድኑን አሰላለፍ የሚያወጡ መምህራንና ተማሪዎች ጫማ ያለውን ከሌለው፣ የእኛን ሰፈር ልጅ ከዚያኛው ሳይለዩ እንዲመርጡ አደራ እንላለን። የ1954ቱ ዋንጫ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።