ኒኮላይ ኦስትሮቭስኪና ብረቱን ያጠነከሩ እጆች

የአንድ የሩቅ አገር ደራሲ ሕይወት ለሠራተኛውና ለቀበሌ ማኅበር አባሉ ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ዓይኑ ጠፍቶ፣ አካሉ ደርቆ፣ ከአልጋ ሳይነሣ ሚሊዮኖች ያነበቡትን ልብ ወለድ ከጻፈው ከኒኮላይ ኦስትሮቭስኪ ታሪክ እናገኘዋለን።

ኦስትሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1904 በዩክሬን ምድር፣ ቪሊያ በተባለች መንደር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ በሸፔቶቭካ ባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት በወጥ ቤት ረዳትነት ተቀጠረ። ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ረዳት ሆነ። በ1919 በወጣት ኮሚኒስቶች ማኅበር ታቀፈ። ይፋዊው የሕይወት ታሪኩ እንደሚያስረዳው በ1920 በቀዩ ጦር ፈረሰኛነት ሲዋጋ ክፉኛ ቆሰለ። በግምጃ ቤትና በእንጅባራ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶ በኖረበት አካባቢ፣ ከኮርቻ የወረደ ጎልማሳ ዳግመኛ ላለመውጣት ሲገደድ ምን እንደሚሰማው ማብራራት አያሻም።

ከጦርነቱ በኋላ አከርካሪንና መገጣጠሚያን የሚያደርቅ በሽታ ጸናበት። በ1920ዎቹ ማብቂያ የአልጋ ቁራኛ ሆነ፤ የሁለት ዓይኖቹም ብርሃን ጠፋ። በመጀመሪያ የጻፈው ረቂቅ በፖስታ ተልኮ ሳለ መንገድ ላይ ጠፋ። በ1930 በሞስኮ እንደገና ጀመረ። መስመር በመስመር የተሰነጠቀ ካርቶን በወረቀቱ ላይ ተደርጎለት፣ እርሳሱ ስንጥቁን እየተከተለ ሌሊት ሌሊት ይጽፍ ነበር። እጁ ሲዝል ደግሞ በቃል እያስጻፈ ቀጠለ። ባለቤቱ ራይሳ፣ ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ተራ በተራ ጸሐፊ ሆኑለት። ከእነዚህም አንዷ በዚያው የጋራ መኖሪያ ቤት የምትኖር ወጣት ሠራተኛ ነበረች።

ረቂቁ መጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም። እንደገና ተመርምሮ በ1932 በአንድ የወጣቶች መጽሔት ላይ በተከታታይ መውጣት ጀመረ፤ ሁለተኛው ክፍል በ1934 ታተመ። ርእሱ ብረት በእሳት እንዴት እንደሚጠነክር የሚያመለክት ነው። በ1935 የሌኒን ኒሻን ተሸለመ። ሁለተኛ ልብ ወለዱን የመጀመሪያ ክፍል እንደ ፈጸመ፣ በታኅሣሥ 22 ቀን 1936፣ በ32 ዓመቱ አረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ጠበቅ አድርገን ልናይ ይገባል። የዘመኑ መንግሥት ደራሲውን የብረት ፈቃድ ምሳሌ አድርጎ ከፍ ከፍ አደረገው፤ ከረቂቁም ለዘመኑ ፖለቲካ ያልተመቹ ገጾች ተቆርጠው ወጡ። ጽናቱ እውነት ነበር፤ የሚክደው የለም። ይሁን እንጂ ጽናት ብቻውን መጽሐፍ አልጻፈም። ካርቶኑን የሰነጠቀ እጅ ነበረ። ከሥራ ደክማ ተመልሳ ብዕር ያነሣች ጎረቤት ነበረች። የጀግናውን ፈቃድ ብቻ ማወደስ በአንድ ወገን ሌሎች አካል ጉዳተኞችን ፈቃደ ደካሞች ብሎ መክሰስ ነው፤ በሌላ ወገን ኅብረተሰቡን ከኃላፊነቱ ማሰናበት ነው።

በአገራችን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ወጥቷል። አሠሪው የሥራውን ሁኔታና መሣሪያውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። ይህም በመሠረቱ የዚያ ካርቶን ጉዳይ ነው። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን በር አያንኳኳም። እድራችን ጎረቤት ሲሞት በሰዓቱ ድንኳን ይተክላል፤ ይህ የሚያስመሰግን ባህል ነው። በሕይወት እያለ ከጓሮ ክፍል ተዘግቶበት ለሚውለው ጎረቤትስ ምን ተክለንለታል?

ስለዚህ የማኅበር አባላትና ሠራተኞች ሁሉ በየመንደራችን ማን ከቤት እንደ ዋለ እንቁጠር፤ ምን መሥራት እንደሚችልና ለዚህም ምን እንደጎደለው ራሱን እንጠይቀው። የሚጎድለው መወጣጫ፣ አንባቢ፣ ወይም የአንድ ሰዓት ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ይህን ማሟላት ምጽዋት አይደለም፤ ከሥራው ፍሬ ሁላችንም ተካፋዮች ነንና የጋራ ተግባራችን ነው።