የአባ እንጦንስ ታሪክ፤ ቃልን አጥብቆ ስለ መስማት

ልጆች ሆይ፥ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ጆሮ ሰጥቶታል፤ ነገር ግን ጆሮ ያለው ሁሉ አያደምጥም። ቃል በጆሮ ገብቶ በልብ ካልተቀመጠ፥ ውሃ በዓለት ላይ ፈስሶ እንደሚያልፍ እንዲሁ ያልፋል። የእግዚአብሔርን ቃል ሰምቶ በልቡ ያኖረ ሰው ምን ፍሬ እንዳፈራ ታውቁ ዘንድ የአባ እንጦንስን ታሪክ አንብቡ።

እንጦንስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ251 ዓመት ገደማ በግብጽ አገር ቆማ በምትባል መንደር ተወለደ። ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ወላጆቹ ባለጸጎችና ክርስቲያኖች ነበሩ። እርሱም ከእነርሱ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ፥ የሚነበበውን ልብ አድርጎ ይሰማ ነበር። ነገር ግን ከሌሎች ልጆች ጋር መዋልን ስላልወደደ ፊደል አልተማረም። ታሪኩን የጻፈልን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ነው። ለአገራችንም የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመ ይኸው አትናቴዎስ ነው።

እንጦንስ 18 ወይም 20 ዓመት ሲሆነው አባቱና እናቱ ሞቱ፤ ታናሽ እኅቱም በእጁ ቀረች። እንዲህም ገና በጕልማሳነቱ የቤቱ ጌታ ሆነ። በግብጽ መስፈሪያ 300 አሩራ የሚሆን መልካም እርሻ ነበረው፤ ይህም በቀድሞው የአገራችን ልክ ሁለት ጋሻ ያህላል።

ወላጆቹ ከሞቱ ስድስት ወር ያህል በሆነ ጊዜ እንጦንስ እንደ ልማዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በመንገድም ሳለ፥ ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንዴት እንደ ተከተሉ፥ የቀድሞ ምእመናንም ርስታቸውን እየሸጡ ዋጋውን ለድኆች እንዴት እንደ ሰጡ በልቡ ያስብ ነበር። ወደ ውስጥ በገባም ጊዜ ወንጌል ይነበብ ነበር። የተነበበውም ጌታችን ለአንድ ባለጸጋ ጐልማሳ የተናገረው ነበረ። ያ ጐልማሳ ፍጹም ሊሆን ቢወድ ሄዶ ያለውን ሸጦ ለድኆች እንዲሰጥ፥ ከዚያም በኋላ እንዲከተለው ጌታ ነገረው። ጐልማሳው ግን ብዙ ሀብት ስለ ነበረው እያዘነ ሄደ።

በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያን የነበረው ሕዝብ ሁሉ ይህን ንባብ ሰማ። እንጦንስ ግን ስለ ሌላ ሰው እንደሚነገር ታሪክ አድርጎ አልሰማውም፤ ለእርሱ እንደ ተነበበ አድርጎ ተቀበለው። በመንገድ ያሰበውና በጆሮው የሰማው በልቡ ተገናኙ። ነገሩንም ለነገ አላሳደረውም። ወዲያው ወጥቶ እርሻውን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ዕቃውንም ሸጦ ገንዘቡን ለድኆች አካፈለ፤ ለእኅቱ ብቻ ጥቂት አስቀረላት።

ሌላ ጊዜም ወደ ቤተ ክርስቲያን በገባ ጊዜ፥ ጌታችን ስለ ነገ መጨነቅ እንደማይገባ ያስተማረው ሲነበብ ሰማ። ያን ጊዜ ያስቀረውንም ሰጠ። እኅቱን ግን ያለ ረዳት አልጣላትም፤ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጣት፥ በእነርሱም ዘንድ አደገች። ከብዙ ዘመን በኋላ እርሷም አርጅታ የሌሎች ደናግል መሪ ሆና አገኛት፥ ደስም አለው።

ይህ ሁሉ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰይጣን የተወውን ርስት፥ የእኅቱንም ነገር እያሳሰበ ከመንገዱ ሊመልሰው ደከመ። እንጦንስ ግን በሰማው ቃል ጸና። በመንደሩ አጠገብ ተቀምጦ በጸሎትና በጾም ይኖር ነበር። የማይሠራ ሰው መብላት እንዳይገባው ከመጽሐፍ ሰምቶ ስለ ነበረ፥ በእጁ ይሠራ ነበር፤ ከዋጋውም ለእንጀራው የሚበቃውን ወስዶ የቀረውን ለድኆች ይሰጥ ነበር። መጻሕፍት በሚነበቡበትም ጊዜ ከሰማው አንዲት ቃል እንኳ በምድር አትወድቅበትም ነበር። ስለዚህ ልቡ እንደ መጽሐፍ ሆነለት፤ በፈለገም ጊዜ ከዚያ ያወጣ ነበር። በአገራችንም የቃል ትምህርት የሚማሩ ልጆች ከመምህራቸው አፍ እየሰሙ በልባቸው ሲያኖሩ፥ እንዲህ ያለውን መስማት ይለማመዳሉ።

ከዚህ በኋላ ወደ በረሃ ሄደ፤ በአንድ የፈረሰ ምሽግም 20 ዓመት ያህል ብቻውን ተቀመጠ። ብዙ ሰዎችም እርሱን እየመሰሉ መነኰሱ። በ311 ዓመት ክርስቲያኖች በተሰደዱ ጊዜ ወደ እስክንድርያ ወርዶ፥ ስለ ሃይማኖታቸው የታሰሩትን ሳይፈራ አገለገለ። በኋላም በቀይ ባሕር አቅራቢያ ባለው ተራራ ኖረ።

በዚያም ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ቈስጠንጢኖስና ልጆቹ ደብዳቤ ላኩለት። መነኰሳቱ ንጉሥ ስለ ጻፈለት ተደነቁ። እርሱ ግን ንጉሥ እንደ ማንኛውም ሰው ሰው መሆኑን ነገራቸው፤ ይልቁንስ እግዚአብሔር ለሰው ልጆች ሕጉን ስለ መጻፉ፥ በልጁም ስለ መናገሩ እንዲደነቁ መከራቸው። ልጆች ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ። የንጉሥ መልእክት ሲነበብ ሁሉ ዝም ብሎ ያደምጣል፤ የእግዚአብሔር ቃል ሲነበብ ግን ስንቶች ያንቀላፋሉ፥ ስንቶችስ ያወራሉ!

አባ እንጦንስ በ356 ዓመት በ105 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችንም ጥር 22 ቀን ታስበዋለች። እርሱ ካረፈ ከ30 ዓመት በኋላ አውግስጢኖስ የተባለው ሊቅ በኢጣልያ አገር ሳለ ይህን ታሪክ ሰማ፤ ልቡም ተነክቶ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ። አንድ ሰው በትንሽ መንደር አጥብቆ የሰማው ቃል ባሕር ተሻግሮ ሌላውን ሰው አዳነ።

በዚህ ታሪክ ፊደልን መናቅ አትማሩ፤ እናንተ በጆሮ ከመስማት ጋር በዓይን ማንበብን ታክላላችሁና፥ ከእናንተ ብዙ ይፈለጋል። ሁሉም ሰው ርስቱን ሸጦ ወደ በረሃ ይሂድ ማለትም አይደለም። ነገር ግን ወደ ንባቡ ስትመጡ እንደ እንጦንስ ልባችሁን በመንገድ አዘጋጁ። የሰማችሁትንም ለባልንጀራችሁ ሳይሆን ለራሳችሁ እንደ ተነገረ ቍጠሩት። ስለ ይቅርታ ሰምታችሁ እንደ ሆነ፥ ፀሐይ ሳይጠልቅ ከተጣላችሁት ጋር ታረቁ። ስለ ምጽዋት ሰምታችሁ እንደ ሆነ፥ ከምሳችሁ ለተራበው ቈርሳችሁ ስጡ። ቃልን ሰምቶ የሚያሳድር ይረሳዋል፤ ሰምቶ የሚሠራው ግን እስከ እርጅናው ድረስ ይዞት ይኖራል።