ምንጩን የያዙት እቴጌ

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ወደ ዓድዋ የዘመቱት የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ስለሆኑ ብቻ አልነበረም። የራሳቸው ጦር፣ የራሳቸው አዛዦችና የራሳቸው ስንቅ ነበራቸው። በሥራቸው የተሰለፈው እግረኛ 5 ሺህ ያህል እንደነበር ይነገራል።

የተወለዱት ከስሜን መሳፍንት ወገን ነው። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን የገዙ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በቴዎድሮስ የተሸነፉ ናቸው። ማንበብና መጻፍ ለሴት ልጅ ብርቅ በነበረበት ዘመን ጣይቱ ተምረው አደጉ፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. አገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። በውጫሌ ውል ሳቢያ ከኢጣሊያ ጋር ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ በቤተ መንግሥቱ ከሁሉ ይልቅ የጸና አቋም የያዙት እርሳቸው ነበሩ።

የጦር ብልሃታቸው ጎልቶ የታየው ግን መቀሌ ላይ ነው። በማጆር ጋሊያኖ የሚመራው የኢጣሊያ ጦር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ገብቶ ነበር። ምሽጉን በጥቃት ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስፈጀ እንጂ አልሠመረም። የምሽጉ ውሃ የሚቀዳው ከቅጥሩ ውጭ ካለ ምንጭ መሆኑን እቴጌይቱ ተረዱ። ከራሳቸው ጦር 900 ያህል ሰው መድበው ምንጩን አስያዙ፤ ቀንና ሌሊትም አስጠበቁት። የሊሙ ወይም የጎማ ቡና አምራች ይህን ስልት ለመረዳት የጦር ትምህርት አያሻውም፤ የማጠቢያ ጣቢያው ውሃ በተቋረጠ ቀን የተለቀመው እሸት ምን እንደሚሆን ያውቃል። በምሽጉ ውስጥ ውሃ በመጠን ይታደል ጀመር፤ የጭነት ከብቱም በጥም አለቀ። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ።

የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ጦርነቱ በተፋፋመ ጊዜ፣ እቴጌይቱ ፊታቸውን ገልጠው፣ ጥላ አስይዘው፣ በእግራቸው እየሄዱ የሚያመነታውን ሠራዊት አበረታቱ። ከኋላቸው የዘመቱት ሴቶች በእንስራ ውሃ እየተሸከሙ በጥይት መካከል ለተዋጊውና ለቁስለኛው ያድሉ ነበር። እነዚህ ሴቶች መንገዱን ሁሉ እህል ሲፈጩ፣ ሲጋግሩ፣ ሲጠምቁና እንጨት ሲለቅሙ የመጡ ናቸው። በዘመኑ አነጋገር ይህ የቤት ሥራ እንጂ ውትድርና አይባልም ነበር፤ የአንዲት እቴጌ ስም ሲወሳ የእነርሱ ስም የቀረውም ከዚህ የተነሣ ይመስላል። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ሠራዊት ከሸዋ ተነሥቶ ትግራይ ድረስ ያለ እነርሱ እጅ ሊደርስ አይችልም ነበር።

በጦር ሜዳ ትእዛዛቸው የተከበረላቸው ጣይቱ በቤተ መንግሥት ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ምኒልክ በታመሙ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ ጨብጠው ሹም መሻርና መሾም ሲጀምሩ፣ የሸዋ መኳንንት ተባብረው በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አገለሏቸው። ለወገኖቻቸው ያደላሉ የሚለው ቅሬታ መሠረት አልነበረውም ባይባልም፣ ለዘመዱ ያላደላ መስፍን በዚያ ዘመን ማግኘት ይቸግራል። ባለቤታቸው በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጥተው በጸሎት ኖሩ፤ የካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። አፅማቸው ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ከምኒልክ ጎን እንዲያርፍ ተደርጓል።