ራዳር ሳይኖር ሞገዱን ያሰላው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፦ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል



እንጦጦ ማርያም ዘንድ ቆሞ አዲስ አበባን ቁልቁል ያየ ሰው ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ያገኛል። በአንድ ወገን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ዘውድ የጫኑበት ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚያው ጋራ ላይ ደግሞ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ይገኛል፤ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መልእክቷን የላከችው ወደዚሁ ተራራ ነበር። መልእክቱ የመጣው በሽቦ ሳይሆን በዓይን በማይታይ ሞገድ ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ እንዳለ አስቀድሞ በስሌት ያሳየው ሰው ግን አፄ ምኒልክ ከመንገሣቸው አሥር ዓመት በፊት ሞቷል።

ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 1831 በስኮትላንድ ኤደንብራ ተወለደ። መጽሐፍ ቅዱስን ያስተማረችው እናቱ ነበረች። ገና በስምንት ዓመቱ መቶ አሥራ ዘጠነኛውን መዝሙር፣ 176ቱንም ቁጥር፣ በቃሉ ይወጣው ነበር። በዚያው ዕድሜው እናቱ በካንሰር ሞተችበት። ትምህርት ቤት ሲገባ በገጠር አነጋገሩና በአለባበሱ ልጆች ሳቁበት፤ ጅሉ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ያ ጅል የተባለ ልጅ በ14 ዓመቱ የጻፈው የሒሳብ ጽሑፍ በኤደንብራ የሊቃውንት ማኅበር ፊት ተነበበ።

በ1853 የካምብሪጅ ተማሪ ሳለ በአንድ የወንጌል አገልጋይ ቤት በእንግድነት እንዳለ በጠና ታመመ። ቤተሰቡ እንደ ልጃቸው አስታመሙት። ከልጅነቱ ቃሉን የሚያውቅ ቢሆንም የእግዚአብሔር ፍቅር በልቡ ጠልቆ የገባው በዚያ የሕመም አልጋ ላይ ነው።

በለንደን ሲያስተምር ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት የሠራው ስሌት አንድ ያልታሰበ ነገር አወጣለት። ሁለቱ ተያይዘው የሚፈጥሩት ሞገድ ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ብርሃን ራሱ እንዲህ ያለ ሞገድ ነው ብሎ ደመደመ፤ በ1865ም ታላቁ ጽሑፉ ታተመ። ሄንሪክ ሄርትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሞገዱን በቤተ ሙከራ አመንጭቶ ያረጋገጠው ከ1887 ጀምሮ ነው።

የሬዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም በሴኮንድ የሚርገበገብበት ቁጥር፣ በጨመረ መጠን የሞገዱ ርዝመት ያጥራል። በ300 ሜጋ ኸርዝ ርዝመቱ አንድ ሜትር ነው፤ በ3,000 ሜጋ ኸርዝ ግን አሥር ሳንቲ ሜትር ብቻ። የጣና ማዕበል ቀጭኗን ደንገል ሳይነካት ያልፋል፤ ከትልቅ ዓለት ጋር ሲጋጭ ግን ይመለሳል። ራዳርም የሚሠራው በሚመለሰው ሞገድ ስለሆነ ረጅም ሞገድ ትንሹን ነገር አያይም። አጭሩ ሞገድ ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ይሁን እንጂ እጅግ ሲያጥር ዝናብ ያደክመዋል። በባሕር ውስጥ ደግሞ ጨዋማው ውኃ የሬዲዮን ሞገድ ስለሚውጠው ሶናር በድምፅ ይሠራል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በ50,000 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። እዚያም ያው ነው፤ ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲ ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ዝቅ ያለው ሩቅ ይደርሳል።

በነገራችን ላይ፣ እንግሊዞች በ1935 አውሮፕላን በሬዲዮ ሞገድ ሊታይ እንደሚችል የሞከሩት በቢቢሲ የአጭር ሞገድ ማሠራጫ፣ በ49 ሜትር ነበር። በሬዲዮ አጭር የሚባለው ሞገድ ለራዳር ረጅም ነው፤ አውሮፕላኑ ክንፉ ሰፊ ስለነበር ግን ታየ። ቀኑ በእኛ የካቲት 19 ይውላል። ከ28 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ተከፈተ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ ወንጌልን በአጭር ሞገድ ሩቅ አገር አድርሷል።

ወደ ማክስዌል እንመለስ። ባደገበት ርስት አቅራቢያ በኮርሶክ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ አገልግሏል። ማታ ማታ ቤተሰቡንና ሠራተኞቹን ሰብስቦ ይጸልይ፣ የታመሙ ጎረቤቶቹን እየጠየቀ ቃሉን ያነብላቸው ነበር። ለሚስቱ ለካትሪን ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ናቸው።

ይሁን እንጂ በ1875 ሳይንስን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ለማስማማት የተቋቋመ ማኅበር አባል እንዲሆን ሲጋብዘው አልተቀበለም። የሳይንስ መላምት ቶሎ ቶሎ እንደሚለወጥ ያውቃል፤ የቃሉን ትርጉም በዛሬ መላምት ላይ መቸንከርን ፈራ። እያንዳንዱ አማኝ ሁለቱን በራሱ ያስማማ፣ ነገር ግን የማኅበር ማኅተም አይታተምበት አለ። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ የሳይንስ ግኝት አንድን ጥቅስ አረጋገጠ ብዬ ከመድረክ ሰብኬ ነበር። በኋላ ግኝቱ ተሻረ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታዲያ ጥቅሱስ? ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ማክስዌል በ1879 እናቱን በገደላት ዓይነት ካንሰር ታመመ። ሐኪሙ አንድ ወር ያህል ብቻ እንደቀረው ሲነግረው የተጨነቀው ለራሱ ሳይሆን ለታማሚዋ ሚስቱ ነበር። ኅዳር 5 ቀን በካምብሪጅ አረፈ። ዕድሜው 48 ነበር። በፓርተን መንደር ከአባቱና ከእናቱ ጋር ቀበሩት፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ካትሪንም እዚያው ከጎኑ አረፈች።