ልዑል እስክንድር ደስታ እና የባሕራችን ሰንደቅ

ክፍት ባሕር ላይ ቀበሌ የለም፤ አጥርም፣ ጎረቤትም፣ የአገር ሽማግሌም የለም። መርከብ የማን እንደሆነ፣ በማን ሕግ እንደሚተዳደር፣ በደል ቢደርስበት ማን እንደሚጠይቅለት የሚናገረው ከኋላው ላይ የሚውለበለበው ጨርቅ ነው። ያ ጨርቅ ከሌለው የትኛውም አገር የእኔ ነው የማይለው ተንሳፋፊ ብረት ይሆናል። ይህን ቁም ነገር ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀድመው በሕፃንነታቸው ካዩት፣ በጎልማሳነታቸው ከኖሩበት ጥቂቶች አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ምክትል ዋና አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ናቸው።

ልዑል እስክንድር በ1926 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። እናታቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ታላቅ ሴት ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ፣ አባታቸው ደግሞ የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ነበሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ደጃፍ ደረሰ። ራስ ደስታ ከጦራቸው ጋር በደቡብ ሲቀሩ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ጋር ለስደት ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ የተሳፈሩት ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነበር። በማግስቱ ጣሊያኖች አዲስ አበባ ገቡ።

በዚያች መርከብ ኋላ ላይ ይውለበለብ የነበረው እንግሊዞች ነጩ ኤንሳይን የሚሉት የባሕር ሰንደቅ ነው። በነጭ መደብ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀይ መስቀል፣ በላይኛው ማዕዘን ደግሞ የብሪታንያ የኅብረት ባንዲራ አለበት። ታሪኩ ረጅም ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ በተባሉ ሦስት ጓዶች ይከፈል ነበር። እያንዳንዱ ጓድ በየቀለሙ ሰንደቅ ያውለበልባል፤ የአድሚራሎችም ማዕረግ በቀለሙ ይቆጠር ነበር። ይህ አሠራር በጦርነት ጭስ መካከል ግራ ያጋባ ስለነበር ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1805 ለትራፋልጋር ውጊያ ሲሰለፍ መርከቦቹ በሙሉ ነጩን እንዲሰቅሉ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1864 ደግሞ ክፍፍሉ ጨርሶ ቀረና ነጩ ለጦር መርከብ፣ ሰማያዊው ለመንግሥት አገልግሎት መርከቦች፣ ቀዩ ለንግድ መርከብ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝን መርከብ ከሩቅ ያየ መርከበኛ መንግሥት ይምጣ ነጋዴ በቀለሙ ይለያል።

የቀለም ልዩነቱ ተራ ጌጥ እንዳልነበረ የ1928ቱ ስደት ጥሩ ማስረጃ ነው። ኢንተርፕራይዝ ስደተኞቹን ሐይፋ አደረሰች፤ ከዚያም ኢየሩሳሌም ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ጉዟቸውን ሲቀጥሉ ኬፕታውን በተባለች ሌላ የጦር መርከብ እስከ ጂብራልታር ተጓዙ። እዚያ ግን ከጦር መርከብ አውርደው ኦርፎርድ በተባለች የመንገደኞች መርከብ አሳፈሯቸው። ጃንሆይ ግንቦት 26 ቀን ሳውዝሃምፕተን የደረሱት በንግድ መርከብ፣ በቀዩ ሰንደቅ ሥር ነበር። በነጩ ሰንደቅ ቢደርሱ የእንግሊዝ መንግሥት ለአንድ ርዕሰ ብሔር የሚገባውን አቀባበል ማድረግ ግድ ይሆንበት ነበር። ሮምን ማስቀየም ያልፈለገው የለንደን መንግሥት ግን ጉብኝቱ የግል እንዲመስል ፈለገ። የተሸነፈ አገር መሪ ምን ያህል ክብር እንደተቆረጠለት አንድም ቃል ሳይነገር በሰንደቅ ቀለም ተነገረ።

ራስ ደስታ በበኩላቸው የባሌ ገዥ ከነበሩት ከደጃዝማች በየነ መርዕድ ጋር ሆነው እስከ 1929 ዓ.ም. የካቲት ድረስ ተዋጉ። ሁለቱም የንጉሠ ነገሥቱ አማቾች ነበሩ፤ ሁለቱም በዚያው ወር በጠላት እጅ ወድቀው ተገደሉ። ራስ ደስታ የተረሸኑት ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ አምስት ቀን በኋላ ነው። ልጃቸው ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። አባታቸው የወደቁለትን አገር በሰው አገር ሆነው በወሬ እየሰሙ አደጉ። ቤተሰቡ ከነፃነት በኋላ ወደ አገሩ ቢመለስም ወጣቱ ልዑል ትምህርታቸውን እንግሊዝ አገር ተከታትለው የባሕር ኃይል ሥልጠናቸውንም እዚያው አገኙ። በሕፃንነታቸው ያሸሻቸውን ባሕር ኃይል ሥርዓት ከውስጥ ተማሩት ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያዊ ብዙም የሚጠቅም አይመስልም ነበር፤ አገሪቱ አንድም ወደብ አልነበራትምና። ነገሩ የተለወጠው በ1945 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። በኤርትራ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር አብቅቶ የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ፤ ኤርትራም በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተቀላቀለች። ኢትዮጵያም ምፅዋንና አሰብን ይዛ የባሕር አገር ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይሉ ተመሠረተ። ድርጅቱንና ሥልጠናውን በዋናነት የመሩት የኖርዌይ መኮንኖች ሲሆኑ ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያንም በአማካሪነት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ዋና መምሪያው አዲስ አበባ የሆነ ራሱን የቻለ የጦር ክፍል ሆነ። የበላይ አዛዡ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ልዑል እስክንድር ገና በወጣትነታቸው ምክትል ዋና አዛዥነቱን ይዘው በኋላ እስከ ሪር አድሚራልነት ደረሱ።

የባሕር ኃይሉ ኩራት የነበረችው መርከብ በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር ከአሜሪካ የተገኘችው ኢትዮጵያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 አገልግሎት የጀመረች፣ በፓስፊክ ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል የኖረች፣ ወደ 95 ሜትር የምትረዝም መርከብ ነበረች። የአሜሪካን ሰንደቅ አውርዳ የኢትዮጵያን ሰቀለች። ስሟም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ልክ እንደ እንግሊዞቹ ኤች ኤም ኤስ የሚል ይቀድመው ነበር፤ የግርማዊነታቸው መርከብ እንደማለት። ግርማዊነታቸው ግን የለንደኗ ንግሥት ሳይሆኑ የአዲስ አበባው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ።

ከእንግሊዝ የተወረሰው ስም ብቻ አልነበረም። ጠዋት ሰንደቅ በሥነ ሥርዓት ሲሰቀል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሲወርድ፣ የመርከቡ ሰው ፊቱን ወደ ኋላው ምሰሶ አዙሮ ሰላምታ ሲሰጥ፣ የንግድ መርከብ በጦር መርከብ አጠገብ ሲያልፍ ሰንደቁን ዝቅ አድርጎ ሲመልስ፣ ይህ ሁሉ ከእንግሊዝ ተነሥቶ የዓለም መርከበኞች ሁሉ ቋንቋ የሆነ ልማድ ነው። በየዓመቱ በምፅዋ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተው ምሩቃንን ሲያስመርቁ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦች ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን እነዚህን ሰንደቆች በአንድ ወደብ መሰብሰብ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚህ መስተንግዶ መካከል የቆሙት አስተናጋጅ ደግሞ በሕፃንነታቸው በሰው ሰንደቅ ተጠልለው ከአገራቸው የወጡት ልዑል ነበሩ።

ይህ ግን የታሪኩ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ባሕር ኃይሉ ራሱን በቻለበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ የኤርትራ ምክር ቤት የኤርትራ ሰማያዊ ባንዲራ እንዲቀር ወሰነ። መርከቧ ኢትዮጵያ በመጣችበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1962 ደግሞ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። በምፅዋ ወደብ አንድ ሰንደቅ በክብር ሲሰቀል በዚያው ምድር ሌላው እንዲወርድ ተደረገ። ባንዲራቸው የወረደባቸው ሰዎች ወደ በረሃ ወጥተው የጀመሩት ትግል ከ30 ዓመት በኋላ ወደቡንም ባሕሩንም ይዞት ሄደ። ስለ ልዑሉ ዘመን በናፍቆት ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ሲዘነጉ ይታያል።

በመርከቦቹ ውስጥም ቢሆን ሁሉም ሰላም አልነበረም። ባሕር ኃይሉን የሚመሩት የንጉሥ የልጅ ልጅ መሆናቸው በበጀትና በትኩረት ጠቅሞት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የበታች መርከበኛው አቤቱታ በማዕረግና በደም በተገነባ ግድግዳ ውስጥ ማለፍ ነበረበት። በ1966 ዓ.ም. የካቲት አስመራ የነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ሲያምፅ የምፅዋ መርከበኞችም ተከተሉ። አድሚራሉ በሚያዙት ሠራዊት ውስጥ ሥልጣናቸው ያበቃው ያኔ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ልዑል እስክንድርም ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን ሌሊት ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ወደ ስድሳ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል እሳቸው አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸው 40 ዓመት ነበር። አባታቸው በባዕድ ወራሪ ጥይት፣ እሳቸው በአገራቸው ወታደር ጥይት ወደቁ። እናታቸውና እኅቶቻቸው እስከ 1980 ዓ.ም. በእስር ማቀቁ። የልዑሉ አፅም ከደርግ ውድቀት በኋላ አብረዋቸው ከተገደሉት ጋር በመንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።

ባሕር ኃይሉ ከልዑሉ በኋላ 17 ዓመት ኖረ። በሰንደቁ ላይ የነበረው አንበሳ መጀመሪያ ዘውዱን አጣ፤ ኋላም ራሱ ወረደ። የአሜሪካና የእንግሊዝ አማካሪዎች ሄደው የሶቪየት መርከቦች መጡ። ምፅዋ በ1982 ዓ.ም. የካቲት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መንግሥት ሲፈርስ የተረፉት መርከቦች ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት አገር ወደቦች ሸሹ። አሮጊቷ ኢትዮጵያም የመን ደረሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነፃ አገር ሆና ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። ባሕር ኃይሉም እ.ኤ.አ. በ1996 በይፋ ተዘጋ።

ሆኖም ሰንደቁ ከባሕር ላይ ጨርሶ አልጠፋም። ቀድሞ ወደብ የሌለው አገር የባሕር ሰንደቅ ሊኖረው አይችልም ብለው የሚከራከሩ መንግሥታት ነበሩ። መርከብ የሚመዘገበው ወደብ ላይ ነውና ወደብ ከሌለ ምዝገባ የለም የሚል ነበር ክርክራቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 በባርሴሎና የተሰበሰቡ አገሮች ይህን ሽረው ባሕር የሌለውም አገር በሰንደቁ መርከብ ማሰማራት እንደሚችል አወጁ። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነትም ይህንኑ አጽንቷል። በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ከ1985 በኋላም አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ይዞ በውቅያኖስ መመላለስ የቻለው በዚህ መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ይፋ ሆኗል።

የባሕር በር ጉዳይ ዛሬም በየመድረኩ ይነሣል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ስለ ወደብ፣ ስለ ኪራይና ስለ ኪሎ ሜትር ነው። የልዑል እስክንድር ሕይወት የሚያስታውሰው ግን ከዚያ የሚቀድመውን ነገር ነው። መርከብ ይገዛል፣ በውሰትም ይገኛል፤ ሥርዓቱም ከእንግሊዝ ይሁን ከኖርዌይ ይወረሳል። ሰንደቁን ከምሰሶው ላይ የሚያቆየው ግን ከሥሩ ያለው ሕዝብ የእኔ ነው ሲለው ነው። የምፅዋ ሕዝብም፣ የበታች መርከበኛውም፣ በመጨረሻም የራሱ የልዑሉ ሠራዊት ይህን ማለት ባቆሙ ጊዜ በሥነ ሥርዓት የተሰቀለው ሰንደቅ ወረደ።