ላም የገዙት ሐኪም

በኢየሩሳሌም ከሃነቪኢም መንገድ ተነሥቶ የኢትዮጵያ መንገድ ይገነጠላል። እዚያው ሰፈር፣ ሃነቪኢም ቁጥር 64፣ የዶክተር ሄሌና ካጋን ቤት ነበር።

ዶክተር ሄሌና እ.ኤ.አ. በ1889 በታሽከንት ተወለዱ፤ ሕክምና የተማሩት በስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ነው። በ1914 ዲፕሎማቸውን ይዘው ኢየሩሳሌም ሲደርሱ የኦቶማን መንግሥት ለሴት የሐኪምነት ፈቃድ አልሰጥም አላቸው። ስለዚህ በከተማው ሆስፒታል ነርሶችን እያስተማሩ ሠሩ። ዲፕሎማ ይዞ መጥቶ ዝቅ ብሎ መሥራት ምን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጦርነቱ ሲጠናና ሐኪም ሲጠፋ ሕሙማኑ በእሳቸው ላይ ወደቁ።

ረሀቡ ሕፃናትን ይፈጅ ስለነበር ዶክተሯ ላም ገዝተው ወተቷን ለልጆች ሰጡ። ለችግር ቀን መልካም መላ ነበር። ሆኖም የላም ወተት የእናትን አይተካም፤ አንዱ ምክንያት ቅባቱ ነው።

ቅቤ በብርድ ይረጋል፣ የኑግ ዘይት ግን አይረጋም። ቅባት ከረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። በቅቤ ውስጥ አብዛኞቹ ሰንሰለቶች የሚችሉትን ሃይድሮጅን ሁሉ ይዘው ስለጠገቡ ቀጥ ብለው እንደ ተከመረ እንጨት ይጠጋጋሉ። እዚህ አገር በምግብ ማሸጊያ ላይ ሹማን ራቩይ ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። በዘይት ግን አንዳንዶቹ ካርቦኖች እርስ በርስ በድርብ ተያይዘው ሃይድሮጅን ይጎድላቸዋል፤ ሰንሰለቱ ይጎብጥና መጠጋጋት ያቅተዋል።

ከላም ወተት ቅባት ሁለት ሦስተኛው ያህል የጠገበው ዓይነት ነው። በእናት ወተት ያልጠገበው ይበዛል። በተለይ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው ሊኖሌይክ አሲድ ከላም ወተት ይልቅ በእናት ወተት ብዙ እጥፍ ይገኛል። በዚያ ላይ የላም ወተት ፕሮቲንና ጨው ለሕፃን ኩላሊት ይከብዳል።

ይህን ማስረዘሜ ያለ ነገር አይደለም። የጡት ወተቴ ቀጭን ነው፣ ልጄን አያጠግብም እያሉ ወደ ላም ወተት የሚሄዱ እናቶች አሉ። ቀጭን ቢመስልም የቅባቱ መጠን ከላም ወተት አያንስም። ልጅ አንድ ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት ዋና መጠጡ መሆን የለበትም። ክብደቱ ካሳሰባችሁ ቲፓት ሐላቭ ሄዳችሁ አስመዝኑት።

ዶክተር ሄሌና እስከ 1948 በአሮጌው ከተማ የአረብ ሕፃናትንም ያክሙ ነበር። በ1936 ከሃነቪኢም ጥግ በነበረው በቢኩር ሆሊም ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ከፍተው እስከ 1975 መሩት፤ በዚያው ዓመት የእስራኤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ1978 ዐረፉ።